በኪኒን የመጣ ፊት

ለኢድ ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቼ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን የቤታችንን በር ገፋ ሳደርግ እናቴ ግቢው ውስጥ ሰሃን እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና በእህቴ ስም ጠራችኝ። እህቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል።

ስም ማምታታት የእናቶች ልማድ ነው። የኔም እናት ስትቸኩል የአጎቴን ልጆች ሁሉ ጠርታ ስታበቃ ነበር እኔ ዘንድ የምትደርሰው። ይሄኛው ግን እንደዚያ አልነበረም። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ የሚሰማው ሰው እንዳይደነግጥ የምትጠነቀቅ ዓይነት ነበር። የያዘችው ሰሃን ከእጇ አምልጦ ውሃው ውስጥ ገባ። ኒቃቤን ከፊቴ ላይ ያነሳሁት ገና በሩን ስገባ ነው፤ መልሼ ልሸፈን አሰብኩና ተውኩት።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ማን እንደሆንኩ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ዓይኗን ግን ከጉንጬ ላይ አላነሳችም።

እኔና እህቴ በተፈጥሮ አንመሳሰልም ነበር። እሷ በአባታችን ወገን ወጥታ ፊቷ ሰፋ ያለ፣ ቀይ፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ነበረች። እኔ የእናቴን ዘመዶች አጥንት ይዤ ቀረሁ፤ ጉንጬ ሥጋ አያውቅም፣ አገጬ ሹል ነው። ልጆች ሳለን ሰው የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ሲጠይቀን፣ አይደለንም እያልኩ አበሽቃት ነበር። አሁን ግን የምውጠው ኪኒን ፊቴን እንደ ሊጥ ነፍቶ፣ ጉንጬን ሞልቶ፣ አገጬን ውጦ፣ የእሷን የመጨረሻ ዘመን ፊት አምጥቶ እኔ ላይ አስቀመጠው። ኪኒኑ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ፊት የጨረቃ ፊት ይሉታል። እኔ ጨረቃም ምንም አላየሁበትም። ያየሁት እህቴን ነው።

የእሷ በሽታ የጀመረው በፀሐይ ነበር። ሆጤ ሰፈር ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ነበራት፤ ውላ የምታድረው ከጣሪያ በታች ነው። አንድ የአጨዳ ሰሞን አጎታችንን ልታግዝ ገራዶ ሄዳ ሜዳ ላይ ዋለችና፣ ስትመለስ ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ጉንጯ ላይ ቀይ ነገር ወጥቶባት መጣች። ሰፈሩ ሳይመካከር አንድ ቃል ተናገረ፤ ምች ነው። ዳማከሴ ተጨመቀ፣ ፊቷን ታሸች፣ በአፍንጫዋ ሳበችው፣ የቀረውን ጠጣችው። ቀይ ነገሩ ጠፋ፤ እኛም ዳማከሴውን አመሰገንን። ፀሐይ ባየች ቁጥር ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ዳማከሴውን ማን እንደቆረጠው፣ በስንት ሰዓት እንደተቆረጠ እየተጠያየቅን ባከንን።

ከዚያ ጣቶቿ አበጡ። ጨርቅ የምትቆርጥበትን መቀስ መያዝ አቃታት። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ሄደ፣ ትኩሳቱ ይመጣል ይሄዳል። ከስንት መንከራተት በኋላ አንድ ሐኪም ስሙን ነገራት፤ ሉፐስ። ሰውነት የራሱን አካል ባዕድ መስሎት መውጋት ሲጀምር ነው ብሎ አስረዳት። ቤት መጥታ ስትነግረን እናቴ ሰው ከራሱ ጋር ተጣልቶ የት ይሸሻል ብላ ጠየቀች። አባታችን ቀድሞን ስለሞተ በቤቱ ነገር የሚመከረው አጎታችን ነው። እሱም ነገሩን ሰምቶ አንገቱን ነቀነቀ፤ ምች ግን ነው አለ።

ኪኒኑ ሲሰጣት ተአምር መሰለን። አልጋ ላይ የነበረችው ተነስታ ሱቋን ከፈተች። ቀጥላ መሙላት ጀመረች። ፊቷ ክብ ሆነ፣ ጉንጯ ተወጠረ። እኛ አገር ወፈርሽ ማለት ምርቃት ነው። ከሲታ የነበረ ሰው ፊቱ ሲሞላ ያየ ሁሉ ማሻ አላህ ይላል፤ ወዝሽ ተመለሰ ይላል፤ ጉንጭ ይቆነጥጣል። ደሟ ውስጥ ስኳሩና ቅባቱ እየጨመረ መሆኑን፣ ኩላሊቷ ታሞ ሽንቷ አሁንም አረፋ እንደሚደፍቅ የሚያውቅ አልነበረም። ደግሞስ ማን ደም ያያል? የሚታየው ፊት ነው።

አጎታችን ከገራዶ በግ እየጎተተ መጣ። ከበሽታ ለዳነ ሰው የሚደረገው የሽረት ሰደቃ ተደረገ። ሰፈሩ ተሰበሰበ፣ ሸሁ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም አሚን አለ፣ በጉ ተበላ። እኛ ዘንድ የሽረት ሰደቃ ከተበላ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው። አላህ ሰጠ፣ ተመሰገነ፣ ጎረቤት መሰከረ። ከዚያ ወዲያ ኪኒን መዋጥ የተሰጠንን መጠራጠር ይመስላል። ማንም አቁሚ አላላትም። ሸሁም አላሉም፤ ተጠይቀው ቢሆን መድኃኒቱም የአላህ ነው ይሉ ነበር፤ ግን የጠየቃቸው የለም። ኪኒኑ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ በቃ፣ በዚያው ቀረ።

እስከዛሬ የሚያባንነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ፊቷ አልከሳም። ኪኒኑን ስታቆም ከስቶ ቢሆን ኖሮ እንደነግጥ ነበር። ነገር ግን ኩላሊቷ እየደከመ ሄዶ ውሃው ሰውነቷ ውስጥ ስለቀረ፣ ኪኒኑ የለቀቀውን ፊት እብጠቱ ተረከበው። እኔ ያኔም ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ ስልክ ስደውል እንዳማረባት ናት ይሉኛል። ጠዋት ጠዋት ዓይኗ አልከፈት ሲል እንቅልፍ ጠግባ ነው ተባለ። ጫማዋ ሲጠብባት ተሳቀ። እብጠቷን ጤና ብለን፣ እያደነቅናት ሞተች።

ያጠቧት ሴቶች ሲወጡ ምን የመሰለች ልጅ እያሉ ነበር። እናቴ ራሷን ስታ ስለነበር አላስገቧትም። ስትነቃ ተከፍና ነበር። ለቅሶዋም ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ የአላህ ቁርጥ ላይ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው ተብላ ስለተገሠጸች ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀመጠች። ያ ሻሽ ከአፏ የወጣ አይመስለኝም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እህቴ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም ነበር።

እኔ ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት ጥራት እቆጣጠራለሁ። ሥራዬ እንከን መፈለግ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኃይለኛ መብራት ሥር ተቀምጬ የዘለለ ስፌት፣ የተሳበ ክር አድናለሁ። ጓደኞቼ በሰውም ላይ እንደዚያው ነሽ ይሉኛል፤ አልዋሹም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ሲሉኝ፣ ከዚያም በልብስ መቀየሪያው ክፍል መስታወት አፍንጫዬ ግራና ቀኝ ያ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ ሳየው፣ ሐኪም ከመንገሩ በፊት አወቅኩት። አጠገቤ ያለችው ልጅ ምች ነው፣ ዳማከሴ አመጣልሻለሁ አለችኝ። ምች ቢሆንማ ምነው በወደድኩ ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ ምን አጠፋች።

ደሴ ያከመችኝ ሐኪም በዕድሜ ከኔ ታንሳለች፤ ስታወራ ትፈጥናለች፣ ግን ጠይቂኝ ብላ ትቆማለች። ኩላሊቴን፣ ስኳሬንና የደም ቅባቴን አብራ እንደምታይ ነገረችኝ። ቅባቱ ምን ያደርግልሻል ብዬ ጠየቅኳት፤ የደም ቅባት የሀብታም በሽታ ይመስለኝ ነበር። ሉፐስ ሲነሳ ሰውነት ቅባት የሚያስተናግድበት ሥርዓት አብሮ እንደሚታመስ አስረዳችኝ። ደም ሥርን የሚጠርገው ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ይወጣል፤ ይህ ሲቆይ ልብንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ችግሩ ኪኒኑም ቅባቱንና ስኳሩን ይሰቅላል። እናም ቁጥሩ ሲወጣ ያወጣው በሽታው ይሁን መድኃኒቱ መለየት ያስጨንቃል። የሽንቱን ፕሮቲንና ሰውነት ራሱን ሲወጋ የሚያልቁትን የደም ፕሮቲኖች ጎን ለጎን አድርጋ ካላነበበች አንድ ቁጥር ብቻውን አይመሰክርም አለችኝ።

በመጨረሻ ፊቴን እያየች የነገረችኝ ግን አጭር ነበር።

«ኩላሊትሽ ተነክቷል፣ ግን አልሞተም። በሽታውን ካስተኛነው ይተርፋል። ሲተኛ ኪኒኑን ቀስ እያልን እንቀንሳለን። አንቺ ግን በራስሽ አንድ ቀን እንዳታቆሚ።»

«አላቆምም ዶክተር» አልኳት። ለምን እንደማላቆም አልነገርኳትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኒቃብ ለበስኩ። ፀሐይ እንዳይነካኝ ታዝዤ ነበር፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ደግሞ በሻሽ አይመለስም። ፋብሪካ ያሉ እህቶች ዲን ገባት፣ ሃይማኖቷን አጠበቀች ብለው ደስ አላቸው፤ አንዷማ ትዳር ልታገናኘኝ ሁሉ አስባ ነበር። ሐኪም አዞልኝ ነው ስል ትሕትና መሰላቸው። ፊቴ መሙላት ሲጀምር ኒቃቡን ይበልጥ ወደድኩት፤ ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከመስታወትም ይሸፍነኝ ነበር። ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። በስልክ ድምፅ እንጂ ፊት አይታይ። ኢድ ሲመጣ ግን ሰበብ አለቀብኝ፤ ያቺን በር ገፋሁ።

የዚያን ቀን በሽታዬንም ኪኒኑንም ነገርኳት፤ ከሰዓቱን ሁሉ ፊቴን እያየች አሳለፈችው። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ግን እናቴ ያለወትሮዋ ፈገግ ብላ አገኘኋት። በየሳምንቱ መጨረሻ እንድመጣ ለመነችኝ። ሐኪሜም ደሴ ስለሆነች እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መስኮቱ ሥር፣ እህቴ እየተቀመጠች ጨርቅ ትለቅምበት የነበረው ቦታ ላይ ታስቀምጠኛለች። አንድ ቀን ከሳጥን ሰማያዊ ቀሚሷን አውጥታ ሰጠችኝ። በጤናዬ ቢሆን ሁለት እጥፍ ይሆንብኝ ነበር። ለበስኩት፣ ልክክ አለ። እናቴ ራቅ ብላ ቆማ አየችኝና ዞር በይ አለችኝ፤ ዞርኩላት።

እናቴ አእምሮዋን አልሳተችም ነበር። ይህን ደጋግሜ አረጋግጫለሁ። ስሜን ትጠራለች፣ ሥራዬን ትጠይቃለች፣ ኪኒኔን መዋጤን ትከታተላለች። የምታወራው ከኔ ጋር ነው፤ የምታየው ግን እሷን ነበር።

እኔም ከዚያ አላመለጥኩም። ከኮምቦልቻ በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ኒቃቤን አንስቼ ሳይ፣ ጉም ባረፈበት መስኮት እህቴ ከውጭ ሆና አብራኝ ትጓዛለች። ራሴን ሳዘነብል ታዘነብላለች። ሆጤ ላይ የድሮ ደንበኛዋ ኒቃቤን ገልጬ ውሃ ስጠጣ አይታኝ አዑዙ ቢላህ ብላ መንገድ ተሻገረች። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አንዷ ቀልድ ተናግራ ስስቅ በመስታወቱ ዓይኔ ሲጠፋ አየሁት፤ ሳቄን እዚያው ዋጥኩት። አንድ ጊዜ ሰው አለመኖሩን አይቼ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁና ምን ፈለግሽ አልኳት። ከንፈሯ ከኔ ጋር ተንቀሳቀሰ። ፈራኋት። የምወዳትን፣ አንድ ብርድ ልብስ የተሻማኋትን እህቴን ፈራኋት። ያስፈራኝ መመለሷ ብቻ አልነበረም፤ ያንን ፊት ይዛ ወዴት እንደሄደች አውቃለሁና ነው።

ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ የመጣው የመጀመሪያው የደም ውጤት ጥሩ አልነበረም። ትራይግሊሰራይዱ ወጥቷል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ወርዷል፣ ሽንቴም ፕሮቲን ያፈሳል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ ሐኪሟ አላመነታችም፤ በሽታው ነቅቶ ነው ያለው ብላ ሌላ መድኃኒት ጨመረችልኝ፣ ፕሬድኒሶሎኑንም ባለበት አቆየችው። ቤት ገብቼ ለእናቴ ኪኒኑ አይቀነስም አልኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ትከሻዋ ሲወርድ፣ ትንፋሿ ሲመለስ አየሁ። ስፌት ሲላላ ማየት ሥራዬ ነው፤ አልተሳሳትኩም። ያየሁትን ግን ለራሴም ቢሆን አልተናገርኩም።

ምግቡ የበዛው ከዚያ በኋላ ነው። እህቴ ጭኮ ትወድ ነበር፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ሲለወስ ማለት ነው። እናቴ ቅቤ ከገራዶ እያስመጣች በየቅዳሜው ትለውስልኛለች፣ ስመለስም በዕቃ ቋጥራ ትሰጠኛለች። ቅባትና ጨው ቀንሺ እንደተባልኩ ነግሬያታለሁ። እሺ ትላለች፤ ከዚያ ፊቴ ቁጭ ብላ በእጇ ታጎርሰኛለች። እጇን መመለስ አልቻልኩም። የምታጎርሰው እኔን ብቻ አልነበረማ።

ቀጣዩን ደም በባዶ ሆዴ የሰጠሁት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጭኮ ስበላ ከርሜ። ሐኪሟ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። የሽንቱ ፕሮቲን በደንብ ወርዷል። ሲያልቁ የነበሩት የደም ፕሮቲኖችም እየተመለሱ ነው። ቅባቱ ግን ከበፊቱም ብሶ ሰማይ ወጥቷል። በሽታው እየተኛ ነው እንዳትል ቅባቱ ይሞግታታል፤ ነቅቷል እንዳትል ሌላው ሁሉ እምቢ ይላታል። ኪኒኑን ለመቀነስ እጇን ዘርግታ መለሰችው። ከዚያ ብዕሯን አስቀምጣ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት። እሷም አልሳቀችም። እናቴ መከልከሌን ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ታውቃለች አልኳት። ታዲያ ለምን ስትለኝ መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ቆመ። እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የደም ግፊት መለኪያው ጎን፣ የሞተችው እህቴ በኔ ፊት እየበላች ነው ብሎ ለሐኪም እንዴት ይነገራል? ሐኪሟ ምግቡን አቁሜ ደሙ እንዲደገም አዘዘች። ያለዚያ የማያስፈልገኝን ከባድ መድኃኒት ልትጨምርብኝ፣ ወይም የሚያስፈልገኝን ልትነፍገኝ እንደምትችል፣ በዚህ በሽታ ላይ ልብ ቀድሞ እንደሚደክም፣ ቅቤው ደግሞ በላዩ ላይ እንደሚጨምርበት ሳትለሳልስ ነገረችኝ።

ከዚያ ወጥቼ በእግሬ ቧንቧ ውሃ ድረስ ሄድኩ። ስገባ እናቴ ወጥ ቤት ነበረች፣ እጇ እስከ አንጓዋ ጭኮ ውስጥ።

«እማ፣ ይሄ ቅቤ ይገድለኛል» አልኳት። ውጤቱን፣ ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳት።

እጇን አላወጣችም። መለወሷን ብቻ አቆመች።

«ወላሂ ክፉ አስቤ አይደለም» አለች። «ጉንጭሽ እንዳይወርድ ብዬ ነው።»

ይህን ያህል እንኳ አልጠበቅኩም ነበር። ትክዳለች፣ ትንሽ ነው የጨመርኩት ትለኛለች ብዬ ነበር የመጣሁት።

«ያኔ ፊቷን አላሳዩኝም» አለች ቀጥላ፣ ዱቄቱን እያየች። «ሁሉም አየ፣ እኔ አላየሁም። አሁን በየቅዳሜው ትመጣልኛለች። አንቺ ስትከሺ ምን ልሆን ነው? ሁለተኛ ልቅበራት ነው?»

ደሜ ፈላ። ማዘን ነበረብኝ፣ ግን አስቀድሞ የመጣው ንዴት ነው።

«እኔንስ?» አልኳት። «እሷ እንዳትሄድብሽ እኔን ልትቀብሪኝ ነው?»

ቅቤ በነካው እጇ አፏን ያዘች። አስተግፊሩላህ የምትለው ቃል ከጣቶቿ መሐል እየተቆራረጠ ወጣ። ያልኩትን መመለስ ፈለግኩ፤ ግን እውነት ስለነበረ አልመለስኩትም። ተነስታ እጇን ታጠበች፣ ጭኮውን ከነሰሃኑ ለጎረቤት አሻግራ መጣች። ማታ የሰራችው ምስር ዘይቱም ጨውም የለበትም ማለት ይቻላል። ራሷም ያንኑ በላች። ከዚያ ወዲህ ለኔ የተለየ ድስት ጥዳ አታውቅም፤ የታመመ ሰው ምግብ አብራኝ እየበላች ትኖራለች።

የተደገመው ደም ከሌላው ጋር ታረቀ። ቅባቱ ወረደ፤ ፈጽሞ ጤናማ አልሆነም፣ የቀረው የኪኒኑ ሥራ ነው አለች ሐኪሟ፣ ግን ከእንግዲህ የሚሞግታት የለም። በሽታው እየተኛ ነበር። ፕሬድኒሶሎኑን ትንሽ ቀነሰችልኝ። ከወር ወደ ወር ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ።

አጎታችን ይህን ሲሰማ፣ ፊቴም እንደሞላ አይቶ፣ በግ ሊያመጣ ተነሳ። የእህቴ ሰደቃ ትዝ አለኝ። እናቴ ግን ማንም ያልጠበቀውን መለሰችለት። ሰደቃው ይሁን፣ ነገር ግን ልጄ ኪኒኗን እዚያው ዱዓው መሐል፣ ሰው ሁሉ እያየ ትውጣለች አለችው። እንደዚያ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ብሎ ሊከራከራት ሞከረ። አብሽር ወንድሜ፣ አሁን ይታያል አለችው። በዕለቱ ሸሁ እጃቸውን ዘርግተው ሳለ ውሃ በኩባያ ይዛ መጣች። ኪኒኑን ምላሴ ላይ አድርጌ ዋጥኩ። ሸሁ ቆም ብለው አዩኝና፣ አላህ የመዳንሽን ሰበብም ያቆይልሽ አሉ። ሰፈሩ አሚን አለ። ከሁሉም በላይ የተሰማኝ የእናቴ አሚን ነበር።

ፊቴ የሄደው በአንድ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ አገጬ ከተቀበረበት ወጣ። ቀጥሎ ሰማያዊው ቀሚስ ትከሻዬ ላይ ሰፋኝ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ውስጥ የምትከተለኝ ሴት እየደበዘዘች ሄደች፤ አንድ ጠዋት መስኮቱ ውስጥ የራሴን ሹል ፊት ብቻ አገኘሁ። ልደሰት ይገባኝ ነበር። ፊቴን ወደ መጋረጃው አዙሬ አለቀስኩ። ስትመጣ የፈራኋት እኔ፣ ስትሄድ ቆይልኝ ልላት ምንም አልቀረኝም።

እናቴ በመጣሁ ቁጥር መዳፏን ጉንጬ ላይ ታሳርፋለች። ትንሽ ታቆየዋለች፣ ከዚያ ምሳ ታቀርባለች። አንድ ቅዳሜ ከሐኪም ቤት በቀጥታ መጥቼ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። መዳፏን እንደ ወትሮው ጉንጬ ላይ አደረገች። እጇን የሚሞላ ነገር አላገኘችም፤ አጥንቴን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ አገጬ ድረስ ወረደች።

«ሄደች» አለች።

ከዚያ አለቀሰች። እህቴ የሞተች ቀን በሻሽ ያፈነችው ሁሉ ወጣ፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ደረቷን እየመታች፣ የእህቴን ስም እየጠራች አለቀሰች። ጎረቤቶች በሩ ላይ መጡ፤ ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። ወደ እናቴ ዞርኩ። እቅፌ ውስጥ አስገባኋት፤ ቀላል ነበረች፣ የኔኑ አጥንት ይዛ።

ብዙ ቆየን። ትንፋሿ ትንሽ ሲመለስላት ቀና ብላ አየችኝ፤ በዚያ ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን ብቻ ያየች መሰለኝ።

«ደምሽስ?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው እማ። በሽታው ተኝቷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ማልቀሷን ግን አላቆመችም።